ከለንደን መቃብር የወጣው ባለ አበባ ሳህን፦ የአንድ የሮማ ሞዛይክ መስታወት ጉዳይ ጥናት

ምሥራቅ ለንደን ውስጥ፣ ኦልድጌት ከሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ ፕሬስኮት ስትሪት የሚባል መንገድ አለ። ዛሬ ዙሪያው ቢሮና ሆቴል ነው። በሮማውያን ዘመን ግን ሙታን የሚቀበሩበት ሜዳ ነበር። የሮማ ሕግ በከተማ ውስጥ ሬሳ መቅበርንም ማቃጠልንም ይከለክላል። ስለዚህ መቃብር ሁሉ ከከተማው በር ውጭ፣ በመንገድ ዳር ይሠራ ነበር። የሮማውያኗ ለንደን፣ ሎንዲኒየም፣ በምሥራቅ በኩል የነበራት ሰፊ የመቃብር ስፍራ እዚህ ነው።

በ2008 እዚያ ቦታ ላይ አዲስ ሕንፃ ሊቆም ሲል አርኪኦሎጂስቶች ቀድመው ገቡ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዝ አገር ከ1990 ጀምሮ ያለው አሠራር ግንባታ የሚጀምረው አካል መሬቱ ውስጥ ያለውን ቅርስ በራሱ ወጪ እንዲያስጠና ያደርጋል። ቁፋሮውን የያዘው ኤል ፒ አርኪኦሎጂ የተባለ ድርጅት ነበር። ይህን አሠራር ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈለግኩም። አክሱም ከተማ ውስጥም ለቤት መሠረት ሲቆፈር ጥንታዊ ነገር መውጣቱ የታወቀ ነው። ዶማው ከመግባቱ በፊት ባለሙያ መግባቱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ይህ የለንደን ጉዳይ ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

ከተገኙት መቃብሮች አንዱ ለየት ይላል። ሟቹ በዘመኑ ልማድ ተቃጥሎ፣ የተረፈው ዐፅም በማስቀመጫ ሣጥን ተደርጎ ነው የተቀበረው። በሣጥኑ ጎንና ጎን የሸክላና የመስታወት ዕቃዎች ተደርድረዋል። የድሃ ቀብር እንዳልሆነ ገና ሲታይ ያስታውቃል። ከዕቃዎቹ መሃል አንድ ሳህን ነበር። ተሰባብሯል፤ ግን ሙሉ ነው። ዙሪያውን የያዘው አፈር ስብርባሪዎቹን በየቦታቸው አቆይቷቸዋል። ሳህኑ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው መቶ ዘመን እንደተሠራ ተገምቷል። በ2009 ታድሶ ዶክላንድስ በሚገኘው የለንደን ሙዚየም ለሕዝብ ታየ።

መልኩን ልንገራችሁ። መደቡ ቀይ ነው፤ ደማቅ ቀይ። በቀዩ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰማያዊ የአበባ ቅጠሎች ተበትነዋል። እያንዳንዱ ቅጠል ዙሪያው በነጭ መስመር ተከቧል። ቀዩ ብርሃን አያሳልፍም፤ ሰማያዊው ያሳልፋል። ስለዚህ መብራት ከኋላው ሲሆን ቅጠሎቹ ብቻ ይበራሉ፤ ቀዩ ይጠቁራል። መብራት ከፊት ሲያርፍበት ነገሩ ይገለበጣል። ቀዩ ይደምቃል፣ ሰማያዊው ወደ ጥቁር ይጠጋል። ማታ በኩራዝ፣ ቀን በመስኮት ብርሃን ያው ሳህን ሁለት ዓይነት ሆኖ ይታይ ነበር ማለት ነው።

ደግሞ ይህ ሁሉ ቀለም ቅብ አይደለም። ቅብ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን ከአፈር ጋር ኖሮ በተላጠ ነበር። አበባው የመስታወቱ ሥጋ ነው። የተሰበረ የሞዛይክ መስታወት (ከብዙ ባለ ቀለም የመስታወት ቁራጮች ተጣብቆ የተሠራ ማለት ነው) ጠርዙን ብታዩት ሰማያዊው ከላይ እስከ ታች ዘልቆ ይወርዳል። ሳህኑን ገልብጣችሁ ጀርባውን ብታዩም ያንኑ አበባ ታገኛላችሁ።

ስብርባሪ ከሙሉ ዕቃ የሚለየው

ይህ ዓይነቱ መስታወት ሚሌፊዮሪ ይባላል። ዓለም ላይ ብርቅ አይደለም ሊባል ይችላል። ለንደን፣ ሮም፣ ኒውዮርክ ያሉ ትልልቅ ሙዚየሞች መሳቢያቸው በሱ የተሞላ ነው። ችግሩ አብዛኛው ስብርባሪ መሆኑ ነው። የጣት ጥፍር የሚያክል፣ ቢበዛ የመዳፍ ያህል።

ስብርባሪው ከየት መጣ? በ19ኛው መቶ ዘመን ሮም ውስጥ አፈር በተቆፈረ ቁጥር የመስታወት ቁራጭ ይወጣ ነበር። የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች ይሰበስባሉ፤ ለአገር ጎብኚና ለሰብሳቢ ይሸጣሉ። ገዢው የሚፈልገው ቀለሙን ነው። ስለዚህ ያረጀው ቆዳ ተሞርዶ ይነሳል፣ ፊቱ ይወለወላል፣ ጠርዙም እንዲያምር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። አንዳንዱ ለጌጣጌጥ ውሏል።

ያ ሁሉ ሲሆን የጠፋው ነገር ያናድደኛል። ቁራጩ የሳህን ይሁን የጽዋ ከጠርዙ ነበር የሚታወቀው፤ ጠርዙ ተቆርጧል። ውፍረቱ ስለ አሠራሩ ይናገር ነበር፤ ተሞርዷል። ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው መቃብር፣ ከምን ጋር እንደወጣ የጻፈ የለም። የቀረን መልክ ብቻ ነው። መልኩ ያምራል፤ ግን ስለ ሰዎቹ ምንም አይነግረንም።

የፕሬስኮት ስትሪቱ ሳህን ዋጋው እዚህ ላይ ነው። የሙዚየሙ የሮማ ስብስብ ኃላፊ የነበሩት ጄኒ ሆል ለለንደን ከዚህ በፊት ያልታየ ግኝት ነው ብለውታል። እኔ ዋጋውን በውበቱ ብቻ አልለካውም። ሳህኑ ሙሉ ነው። ጎረቤቶቹ የሆኑት ዕቃዎች አብረውት አሉ። የባለቤቱ ዐፅም አብሮት አለ። የተቀበረበት ሜዳ ይታወቃል፣ የሜዳው ዘመንም ይታወቃል። ያ ሁሉ የተወለወለ ስብርባሪ ያልሰጠንን አንድ የተሰባበረ ሳህን ሰጠን።

እንዴት ተሠራ?

ከጥሬው እንጀምር። የሮማ ዘመን መስታወት አሸዋና ናትሮን ነው። ናትሮን በግብፅ በረሃ፣ ዋዲ ናትሩን ከሚባለው ቦታ የሚወጣ የሶዳ ማዕድን ነው። አሸዋው የሚመጣው ከግብፅና ከሶርያ ፍልስጤም ዳርቻ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የቤሉስን ወንዝ አፍ አሸዋ ለይቶ ያነሳል፤ ቦታው ዛሬ አኮ ከምትባለው የእስራኤል ከተማ አጠገብ ነው። የዚያ ዳርቻ አሸዋ የባሕር ዛጎል ስብርባሪ ይዟል። ዛጎሉ ኖራ ይሰጣል። ኖራ የሌለበት መስታወት ውሃ ያሟሟዋል፤ ስለዚህ ዛጎሉ የግድ ነው።

ይህ ሁሉ በትልልቅ ምድጃ ቀልጦ ጥሬ መስታወት ይሆናል። ተሰባብሮ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በየአገሩ ላሉ ሠሪዎች ይሸጣል። አንዱ አገር ያቀልጣል፣ ሌላው አገር ዕቃ ይሠራል።

ሞዛይክ ሠሪው ጥሬውን አቅልጦ ቀለም ይሰጠዋል። ለሰማያዊው ኮባልት ይጨምራል፤ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ቅንጣት ይበቃዋል። ለነጩ አንቲሞኒ ይጨምራል። አንቲሞኒው ከመስታወቱ ኖራ ጋር ተዋህዶ ጥቃቅን ክሪስታል ይሆናል። ክሪስታሎቹ ብርሃኑን ስለሚበትኑት መስታወቱ ወተት ይመስላል። ቀዩን ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ እሱ ለብቻው ታሪክ ነው።

ቀጥሎ ዘንግ ይሠራል። ሰማያዊው ትኩስ ሆኖ በቅጠል ቅርጽ ይበጃል። በላዩ ነጭ ይለብሳል፣ በነጩ ላይ ቀይ ይለብሳል። እንደለሰለሰ ሁለቱን ጫፍ ይዘው ይስቡታል። ሲሳብ ይቀጥናል፤ ውስጡ ያለው ቅርጽ ግን አይፈርስም። እየተሳበ በሄደ ቁጥር አበባው እያነሰ፣ ዘንጉ እየረዘመ ይሄዳል። ካሮት ሲከተፍ በየቁራጩ መሃል ያው ክብ እንደሚወጣ፣ ዘንጉም ሲቆራረጥ በየቁራጩ ያው አበባ ይወጣል።

እስቲ ስሌቱን አስቡት። ሳህኑ ላይ ያሉት ቅጠሎች በመቶ ይቆጠራሉ። አንድ ቁራጭ አንድ ቅጠል ቢይዝና ግማሽ ሴንቲሜትር ቢወፍር፣ ለሦስት መቶ ቅጠል አንድ ሜትር ተኩል ዘንግ ያስፈልጋል። ሲቆረጥ የሚሰነጠቀው፣ ጫፉ ላይ የሚጣመመው፣ ለጥራት የማይበቃው ሲደመርበት ከዚያም ይበልጣል። ዘንጉ ሁሉ እኩል መሳብ አለበት። አንዱ ጫፍ ወፍሮ ሌላው ከቀጠነ ቅጠሎቹ ይበላለጣሉ።

ከዚያ ቁራጮቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። እሳት ውስጥ ገብተው እርስ በርስ ይጣበቁና አንድ ጠፍጣፋ ገበታ ይሆናሉ። ገበታው እንደገና ይሞቃል፤ ሲለሰልስ በቅርጽ ማውጫው ላይ ይተኛል፣ በራሱ ክብደት ይታጠፋል፣ ሳህን ይሆናል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። እዚህ ላይ መቸኮል የለም። በፍጥነት የቀዘቀዘ መስታወት ውስጡ ውጥረት ይቀርበታል፤ ሰው ሳይነካው ይሰነጠቃል። በመጨረሻ በአሸዋና በውሃ ተሞርዶ ይለሰልሳል።

ሌላም አደጋ አለ። ሦስቱ ቀለሞች ሲቀዘቅዙ እኩል መኮማተር አለባቸው። ቀዩ ከሰማያዊው በልጦ ከተኮማተረ በመቶ የሚቆጠሩት መጋጠሚያዎች ሁሉ ስንጥቅ መጀመሪያ ይሆናሉ። ሠሪው ኬሚስትሪ አልተማረም፤ ግን የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ በእጁ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ለማግኘት ስንት ሳህን ምድጃ ውስጥ እንደተሰነጠቀ መገመት አያቅትም።

የቀዩ ነገር

ከሦስቱ ቀለሞች ባለሙያን የሚፈትነው ቀዩ ነው። ቀይ የሚሰጠው መዳብ ነው። ነገር ግን መዳብ እሳት ውስጥ አየር ካገኘ ቀይ አይሆንም፤ አረንጓዴ ወይም ውሃ ሰማያዊ ይሆናል። ቀይ የሚወጣው ምድጃው አየር ሲነፈገው፣ ጭስ ሲበዛበት ነው። ያኔ መዳቡ በመስታወቱ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ቀይ ቅንጣት ሆኖ ይበቅላል። ብዙ ጊዜ እርሳስ ይጨመርበታል፤ እርሳሱ ቅንጣቶቹ እንዲበቅሉ ያግዛል፣ ቀለሙንም ያደምቀዋል።

አንድ ጊዜ ቀይ ማውጣት ከባድ ነው። ሞዛይክ ሠሪ ግን ያንኑ ቀይ ደጋግሞ ማሞቅ አለበት። ዘንጉ ሲሳብ አንዴ፣ ቁራጮቹ ሲጣበቁ አንዴ፣ ሳህኑ ሲታጠፍ አንዴ። በእያንዳንዱ ሙቀት አየር ላዩን ያገኘዋል። ላዩ ይጠቁራል ወይም ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። የመጨረሻው ሙርዳ ለማለስለስ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። የተበላሸው ስስ ቆዳ ሲነሳ ነው ከሥሩ ያለው ቀይ የሚወጣው።

ጣጣው በዚያ አያበቃም። ቀይ መስታወት አፈር ውስጥ ሲኖር መዳቡ ቀስ በቀስ ይበላል፤ አረንጓዴ ይለብሳል። ከሮማ ዘመን የቀሩ ብዙ ቀይ ጌጣጌጦች ዛሬ ስናያቸው አረንጓዴ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። የፕሬስኮት ስትሪቱ ሳህን ከእርጥብ አፈር ሲወጣ ግን ቀይነቱን እንደያዘ ነበር። በዚህ ረገድ ዕድለኛ ሳህን ነው።

ርካሽ ብርጭቆ በበዛበት ዘመን

ሞዛይክ መስታወት የገነነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ መቶ ዘመንና በመጀመሪያው መቶ ዘመን ላይ ነው። ልክ በዚያው ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በሶርያ ፍልስጤም አካባቢ ባለሙያዎች መስታወትን በቱቦ መንፋት ጀመሩ። ዕቃው በደቂቃዎች ይወጣል። ጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦ ሮም ውስጥ አንድ የመስታወት ጽዋ በአንድ የመዳብ ሳንቲም ይገዛ እንደነበር ጽፏል።

ያው ስትራቦ ሌላም ነገር ነግሮናል። እስክንድርያ ሄዶ ከመስታወት ሠሪዎቹ ጋር ተነጋግሯል። ባለ ብዙ ቀለምና ውድ የሆነው ሥራ በግብፅ ብቻ የሚገኝ አንድ ዓይነት አፈር ከሌለ አይሠራም ብለውታል። የንግድ ወሬም ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያ ገበያውን እንዲህ ነው የሚጠብቀው። ግን ባለ ቀለም መስታወትና እስክንድርያ በሰው አእምሮ ተያይዘው እንደነበር ያሳያል።

ርካሹ ሲመጣ ውዱ ገበያው ጠበበ። በጎድጓዳ ሳህንና በጽዋ ይሠራ የነበረው ሞዛይክ ከመጀመሪያው መቶ ዘመን በኋላ እያነሰ ሄደ። ታዲያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው መቶ ዘመን ለንደን መቃብር ውስጥ ምን ይሠራል?

ሁለት መልስ አለ። አንደኛው፣ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የቤት ቅርስ ነው የሚል። ሁለተኛው፣ ያ ጥበብ ፈጽሞ ሳይጠፋ በምሥራቁ የግዛት ክፍል ሲሠራ ቆይቶ፣ ኋላ ላይ ለባለጸጎች ገበታ የሚሆን ሳህን ማውጣት ቀጠለ የሚል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ብርሃን በማያሳልፍ መደብ ላይ አበባ የተበተነባቸው ሳህኖች የኋለኛው ዘመን ሥራ ሆነው ሌላም ቦታ ይታወቃሉ። ደግሞ መስታወት ነው። መቶና ከዚያ በላይ ዓመት ከቤት ቤት እየተዘዋወረ ሳይሰበር መቆየቱ የማይሆን ባይሆንም ያጠራጥራል።

የቤተሰቡ ውሳኔ ግን ያስደንቀኛል። ሳህኑን መሸጥ ይቻል ነበር። ለልጅ ማውረስ ይቻል ነበር። ከሟቹ ጋር እንዲቀበር ነው የመረጡት። በዚያ ዘመን ውድ ዕቃን ከገበያ ማውጣት ራሱ አንድ ንግግር ነበር። ፕሊኒ ስለ ባለሥልጣኑ ፔትሮኒዎስ የሚተርከው ወሬ አለ። ኔሮ ሞት ሲፈርድበት፣ በ300,000 ሴስተርስ (የሮማ ሳንቲም) የገዛውን ሙሪን የሚባል የከበረ ድንጋይ ጭልፋ ሰበረው፤ ለንጉሡ ገበታ እንዳይደርስ። የለንደኑ ቤተሰብ ያደረገው በፍቅር ነው፣ የፔትሮኒዎስ በንዴት ነው። ዕቃው ከዚያ በኋላ የማንም እንዳይሆን መደረጉ ግን አንድ ነው።

ከአፈር እስከ ሙዚየም

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳህኑ ለእኛ ሳይደርስ ሊቀር የሚችልበት ቀዳዳ ብዙ ነበር። ትልቁ ቀዳዳ ደግሞ የተገኘበት ዕለት ነው።

እርጥብ አፈር ውስጥ የኖረ መስታወት ሲታይ ደህና ይመስላል። ግን ውሃው በዘመናት ብዛት ከመስታወቱ ሶዳውን አጥቦ ወስዶታል። የቀረው ላዩ በውሃ የተሞላ ስስ ንብርብር ነው። ውሃው በድንገት ከደረቀ ንብርብሩ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ሰው በጥሩ ልብ ፀሐይ ላይ ቢያደርቀው ቀለሙ በዓይኑ ፊት ይረግፋል። ሁለተኛው አደጋ ስብርባሪዎቹን አንድ በአንድ መልቀም ነው። ቁራጭ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ በሆነበት ሳህን ላይ የቱ ከየቱ ጎን እንደነበር ከጠፋ መልሶ ማግኘት ፈተና ነው። አፈሩ ለዘመናት ይዞት የኖረው ሥርዓት በአንድ ከሰዓት ይበተናል።

የጥገናውን ሥራ የያዙት የለንደን ሙዚየም ባለሙያ ሊዝ ጉድማን ነበሩ። ብዙ ጊዜ እጃቸው የሚገባው የሚሌፊዮሪ ቅንጣት እንደሆነ፣ ሙሉ ዕቃ መጠገን ግን ለየት ያለ ዕድል መሆኑን ያኔ ተናግረዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ማድረቅ በጣም ቀስ ተብሎ ነው። የደከመው ላይ በሙጫ ይጠናከራል። ቁራጭ ከቁራጭ የሚጣበቅበት ነገርም ነገ የተሻለ ዘዴ ቢመጣ ሊላቀቅ የሚችል እንዲሆን ይመረጣል። አንድ ቁራጭ በፀጉር ስፋት ተዛብቶ ከተጣበቀ ስሕተቱ እየተጠራቀመ ይሄድና የመጨረሻዎቹ ቁራጮች ቦታ ያጣሉ። ሙሉ ሳህን ሆኖ መቆሙ የዚህ ጥንቃቄ ውጤት ነው።

ወደ እኛም መጥቶ ነበር

ይህ መስታወት ወደ ምዕራብ ብቻ አልሄደም። በመጀመሪያው መቶ ዘመን ከግብፅ የሚነሳ አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ወደቦች እየዘረዘረ አንድ መመሪያ ጽፏል፤ ፔሪፕለስ ይባላል። አዱሊስ ላይ ሲደርስ፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለው የአክሱማውያኑ ወደብ ማለት ነው፣ የሚገቡትን ሸቀጦች አንድ በአንድ ይቆጥራል። ልብስ፣ ናስ፣ መዳብ፣ ለዝሆን አደን የሚሆን ጦር መሥሪያ ብረት፣ ትንሽ ወይን፣ ትንሽ የወይራ ዘይት። ከነዚህ መሃል ብዙ ዓይነት የመስታወት ድንጋይና ግብፅ ውስጥ ዲዮስፖሊስ በምትባል ከተማ የሚሠራ ሙሪን የሚመስል ዕቃ አለ። መጽሐፉን በ1989 የተረጎሙት ሊዮኔል ካሰን ይህን ሚሌፊዮሪ መስታወት አድርገው ተረድተውታል።

የሚወጣውም ተጽፏል። የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ የባሕር ኤሊ ቅርፊት። ከአዱሊስ ቆሎኤ የምትባል ከተማ ድረስ የሦስት ቀን መንገድ፣ ከዚያ አክሱም ድረስ ደግሞ አምስት ቀን ይላል። የአካባቢው ንጉሥ ዞስካሌስ የግሪክ ጽሕፈት እንደሚያውቅም ይነግረናል።

እንግዲህ ገበያውን አስቡት። በአንድ በኩል ብሪታንያ፣ የግዛቱ የመጨረሻ ጥግ። በሌላ በኩል አዱሊስ፣ ከግዛቱ ውጭ የሆነ የነፃ መንግሥት ወደብ። ጊዜው አንድ ባይሆንም ሁለቱም ጋ ባለ አበባው መስታወት ይፈለጋል። አዱሊስ ላይ የዝሆን ጥርስ ይዞ የቆመ ነጋዴና ለንደን ውስጥ ሳህን የሚቀብር ቤተሰብ ዓይናቸው የሳበው ያው የቀለም ጥበብ ነው። እኛ አገር የጥንት ቀብር ሲከፈት የወጣች ትንሽ ባለ ቀለም የመስታወት ቁራጭም ከዚህ ታሪክ ጋር ልትገናኝ ትችላለች። እንዲያው ጨሌ ናት ተብላ መጣል የለባትም።

የትውልድ ቦታው

ሳህኑ የት ተሠራ የሚለውን ለመመለስ ዛሬ መሣሪያ አለ። መነሻው ጥሬው መስታወት ነው። በ301 ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ባወጣው የዋጋ አዋጅ ላይ የእስክንድርያ መስታወት በፓውንድ 24 ዲናር፣ አረንጓዴ ያዘለው የይሁዳ መስታወት 13 ዲናር ተተምኗል። ሁለት የተለያዩ ጥሬዎች፣ ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች። የጥንቱ ሰው የሚለያቸው በዓይኑ ነበር።

አሁን በአሸዋው ኬሚስትሪ ይለያሉ። የግብፅ አሸዋ ከሶርያ ፍልስጤሙ ይልቅ ቲታኒየም ይበዛበታል። በ2020 ደግሞ ዴንማርክ የሚገኘው የአርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ግሪ ባርፎድና ባልደረቦቻቸው ዮርዳኖስ ውስጥ ጀራሽ ከተማ የተገኘ የሮማ መስታወት መርምረው ሃፍኒየም የተባለው ንጥረ ነገር ሁለቱን አሸዋዎች እንደሚለይ አሳይተዋል። በአንቲሞኒ ቀለም አልባ የተደረገውና ጥራቱ ከፍ ያለው መስታወት የግብፅ ሆኖ ተገኘ፤ የዲዮቅልጥያኖስ አዋጅ ላይ ያለው የእስክንድርያ መስታወት ማለት ነው።

እንዲህ ላለ ሳህን አንድ ምርመራ አይበቃም። ሦስቱ ቀለሞች ለየብቻ መታየት አለባቸው። አሸዋው ከአንድ አገር፣ ኮባልቱ ከሌላ፣ አንቲሞኒው ከሦስተኛ አገር መጥቶ ሊሆን ይችላል። የቀዩ እርሳስ ደግሞ የማዕድን ጉድጓዱን ምልክት በአይሶቶፑ (በክብደት በሚለያዩት የእርሳስ አቶሞች ድርሻ) ይዞ ይቆያል። ለዚህ የሚፈለገው ናሙና በዓይን የማይታይ ያህል ትንሽ ነው። የዚያ ቀይ መስታወት እርሳስ የሚነግረን እርሳሱ ከየት እንደተቆፈረ ነው፤ ሠሪው የት ሆኖ ሳህኑን እንደሠራው ግን ለብቻው አይነግረንም።